ባዘመመ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተነጠፈ የመስታወት ሱፍ፦ የአንድ ዕቃ ግምገማ

የምገመግመው ዕቃ በአዲስ አበባ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች በጥቅል የሚሸጠውና ሻጮቹ ፋይበር ግላስ የሚሉት፣ አንድ ፊቱ በአልሙኒየም ወረቀት የተለበጠ የመስታወት ሱፍ ነው። የገዛሁት ዓይነት 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 1.2 ሜትር ስፋትና በአንድ ሜትር ኩብ 16 ኪሎ ግራም እፍግታ ያለው ሲሆን፣ የተነጠፈውም 18 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ባለው፣ ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ በተከደነ ቪላ ቤት ላይ ነው። ፍርዴን ከመነሻው ላስቀምጥ፦ ዕቃው የወጣበትን ገንዘብ የሚመልስ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ይሁን እንጂ ጣሪያችን ጠፍጣፋ ሳይሆን ያዘመመ በመሆኑ፣ ውጤቱን የሚወስነው ከሱፉ ጥራት ይልቅ የአነጣጠፉ ጥራት ነው። ይህንን ደግሞ ሻጩም ሆነ አንጣፊው ለገዢው ሲያስረዳ አላየሁም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ አንሥቶ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ችግር ለአዲስ አበባ ነዋሪ አዲስ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ጠራ ያለ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆርቆሮው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ደግሞ ሰማዩ ደመና ስለማይኖረው ቆርቆሮው ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ እየሰደደ ከውጭው አየር እንኳን በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል። ቤቱ ውስጥ ወጥ እየተሠራ፣ ልብስ እየታጠበ፣ ሰው እየተነፈሰ የሚወጣው እርጥበት ወደ ላይ ሄዶ ያንን ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ቆርቆሮው ያልበዋል፤ ጠብታውም በኮርኒሱ ላይ የምናውቀውን ቡናማ ክብ ክብ እድፍ እየሠራ ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ መከላከያ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው፦ የቀኑን ግለት እንዲያግድ፣ የሌሊቱን ሙቀት እንዲያቆይ፣ የቤቱም እርጥበት ብረቱ ላይ እንዳይደርስ እንዲከለክል።

ሱፉ ይህንን የሚያደርገው እንዴት ነው? ብዙ ሰው መስታወቱ ራሱ ሙቀት የሚያግድ ይመስለዋል። ነገር ግን ከጥቅሉ ይዘት ውስጥ መስታወቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም፤ ቀሪው አየር ነው። አየር ደግሞ ጸጥ ብሎ ከቆመ ሙቀትን በእጅጉ ያዘገያል፤ ችግሩ ጸጥ ብሎ የማይቆም መሆኑ ነው። የሞቀ አየር ቀልሎ ይነሣል፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ይወርዳል፣ ሁለቱም እየተተካኩ ሙቀቱን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይጭናሉ። ተፈጥሯዊ ኮንቬክሽን የሚባለው ይህ ነው፤ ማራገቢያ አያስፈልገውም፣ የሙቀት ልዩነትና የመሬት ስበት ብቻ ይበቁታል። የሱፉ ሥራ አየሩን በቀጫጭን ክሮች መካከል አስሮ ይህንን ዝውውር ማነቅ ነው፤ በተጨማሪም ክሮቹ ከጋለው ቆርቆሮ የሚመጣውን ጨረር በመንገዱ ላይ እየያዙ ይበትኑታል።

አየር በእንደዚህ ያለ ቀዳዳማ ቁስ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ ያገኘው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ነው። እርሱ በ1856 (እ.ኤ.አ.) ስለ ዲዦን ከተማ የውኃ አቅርቦት ባሳተመው ሥራ፣ ውኃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት ውኃውን ከሚገፋው የግፊት ልዩነት ጋር እንደሚመጣጠን አሳየ። አሸዋው ሻካራ ከሆነ ብዙ ያሳልፋል፣ ደቃቅ ከሆነ ጥቂት፤ ሱፍም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎቹ ሆርተንና ሮጀርስ በ1945፣ ላፕውድም በ1948 (እ.ኤ.አ.) አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አነሡ፦ ከሥር የሚሞቅ ጠፍጣፋ ቀዳዳማ ንጣፍ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መቼ መዞር ይጀምራል? መልሳቸው የዳርሲ–ሬይሌይ ቁጥር በሚባለው መለኪያ ይገለጻል፤ ይህ ቁጥር የንጣፉን ውፍረት፣ አሳላፊነቱንና በሁለቱ ገጾች መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት አባዝቶ በፈሳሹ ዝልግልግነትና በሙቀት አስተላላፊነቱ ያካፍላል። ቁጥሩ 39.5 ገደማ እስኪደርስ ድረስ ፈሳሹ ንቅንቅ አይልም፤ ሲያልፍ ግን ሽክርክሪቱ ይጀምራል።

እኔ በገዛሁት ሱፍ ላይ ይህንን ስሌት ብንሠራ የሚገኘው ውጤት ዕቃውን ያስመሰግናል። 16 ኪሎ ግራም እፍግታ ያለው የመስታወት ሱፍ አሳላፊነቱ በጥቂት ቢሊዮንኛ ስኩዌር ሜትር የሚቆጠር ነው። ሌሊት ላይ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የ15 ዲግሪ ልዩነት አለ ብለን ብንነሣ፣ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቁጥሩ ወደ 0.1 ገደማ ይመጣል። ለመዞር ከሚያስፈልገው ከአራት መቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ያው 5 ሳንቲ ሜትር ቦታ ባዶ ቢተው ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ለባዶ አየር የሚሠራው የሬይሌይ ቁጥር ገደቡ 1,708 ሲሆን፣ በዚሁ የሙቀት ልዩነት ክፍተቱ ውስጥ የሚገኘው ቁጥር 100,000 ያህል ይሆናል። ባዶው ክፍተት ሌሊቱን ሙሉ ይናጣል፤ በሱፍ የተሞላው ረግቶ ያድራል። ለዕቃው የሚከፈለው ገንዘብ በመሠረቱ ለዚህ ልዩነት የሚከፈል ነው።

እዚህ ላይ ለደጋ ነዋሪ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የአዲስ አበባ አየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ከመቶ 76 እጅ ያህል ነው፤ አየሩ በዚያው መጠን ስስ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከአየሩ እፍግታ ጋር የሚጨምረው በካሬ ስለሆነ፣ ያው ሱፍ በዚያው የሙቀት ልዩነት አሰብ ወይም ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢነጠፍ ከሚኖረው የኮንቬክሽን ጉልበት አዲስ አበባ ላይ የሚኖረው ከመቶ 58 እጅ ገደማ ብቻ ነው። የአምራቾች ሠንጠረዥ የሚዘጋጀው በአብዛኛው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገሮች አየር በመሆኑ፣ የእኛ ከፍታ በዚህ ረገድ ለገዢው ያደላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ንጣፉ ጠፍጣፋ ቢሆን ነው። ጣሪያው ግን ያዘመመ ነው፤ ማዘመሙም ነገሩን ከመሠረቱ ይለውጠዋል። በጠፍጣፋ ንጣፍ ውስጥ የሙቀቱ ልዩነትና የስበቱ አቅጣጫ በአንድ መስመር ላይ ስለሚሆኑ አየሩ እስከተወሰነ ገደብ ድረስ ረግቶ መቆየት ይችላል። ንጣፉ ሲያዘም ግን የስበቱ ከፊል ኃይል በተዳፋቱ ርዝመት ላይ ያርፋል፤ በሞቀው ገጽ አጠገብ ያለው አየር በተዳፋቱ ወደ ላይ፣ በቀዘቀዘው ገጽ አጠገብ ያለው ወደ ታች መሳብ ይጀምራል። ለዚህ ፍሰት ገደብ የለውም፤ ቁጥሩ 0.1 ቢሆንም፣ ከዚያም ቢያንስ፣ አየሩ ይሄዳል። ቀን ላይ እንኳን፣ ግለቱ ከላይ በሚመጣበትና ጠፍጣፋ ንጣፍ ጭራሽ በማይንቀሳቀስበት ሰዓት፣ ያዘመመው ንጣፍ ውስጥ ያለው አየር ከቆርቆሮው ሥር ወደ አናት እየወጣ ከኮርኒሱ በላይ ወደ ግርጌ ይወርዳል።

ታዲያ ይህ ሊያስፈራን ይገባል? ሱፉ ውስጥ ላለው አየር አያስፈራም። ባለ 18 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በተጠቀሰው የሌሊት ልዩነት አየሩ በሱፉ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ሲሰላ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጉዞው ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ በመሆኑም በንጣፉ መካከለኛ ክፍል ሙቀት የሚያልፈው እንደ ወትሮው በኮንዳክሽን፣ ማለትም አየሩ ሳይሻገር ከቅንጣት ወደ ቅንጣት በመተላለፍ፣ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ ሙቀት አሻግሮ የሚጭነው ንጣፉ በሚያልቅባቸው ሁለት ጫፎች፣ አየሩ ዞሮ በሚመለስበት በጣሪያው አናትና በግርጌው ብቻ ነው። ስለ ተዳፋት ማዕዘን በጥልቀት የጻፉ ሊቃውንት ከሥር በሚሞቅ ያዘመመ ንጣፍ ውስጥ ተዳፋቱን አቋርጠው የሚተኙ ሽክርክሪቶች ከ31.5 ዲግሪ ገደማ በላይ ጭራሽ ሊፈጠሩ እንደማይችሉ፣ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ንጣፍ ደግሞ በዚህ ዓይነት ሽክርክሪት ፈጽሞ እንደማይረበሽ አረጋግጠዋል። ውብ ውጤት ነው፤ ነገር ግን ለእኛ ሱፍ ከቁጥሩ ማነስ የተነሣ ማዕዘኑ 15 ይሁን 35 የሚያመጣው ልዩነት የለም።

የሚያስፈራው ከሱፉ ውጭ ያለው አየር ነው። የዚህ ግምገማ ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው።

አንጣፊዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከኮርኒሱ መውጫ ቀዳዳ ገብቼ በባትሪ ስመለከት፣ ሱፉ ሞራሌዎቹ ላይ ተጥሎ በየመካከሉ ረግቦ አየሁት። ከበላዩ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ጣት የሚያስገባ፣ አንዳንድ ቦታም እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ሌላ ክፍተት። የግራና የቀኙ ተዳፋት ሱፎች በጣሪያው አናት ላይ አልተገናኙም፤ በመካከላቸው አራት ጣት ያህል ቦታ ተትቷል። በግርጌውም በኩል ሱፉ ከግድግዳው ራስ ሳይደርስ ተቆርጧል። ከሩቅ ሲታይ የአልሙኒየሙ ወረቀት እያብለጨለጨ ሁሉም ያማረ ነው፤ የተሸፈነው ስፋት ቢለካም ከመቶ 95 እጅ በላይ ይሆናል። ብዙ ሰው ታዲያ ከመቶ አምስት እጅ ቢጎድል ጉዳቱም ከመቶ አምስት ነው ብሎ ያስባል። በጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ቢሆን ከእውነት ብዙ የማይርቅ ግምት ነበር። በተዳፋት ላይ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ክፍተቶች በአናትና በግርጌ ከተገናኙ ሱፉን የሚዞር ሙሉ የአየር መንገድ ይሆናሉ።

መንገዱን በዓይን ማየት ይቻላል። ብርድ ባለበት ምሽት፣ ቤቱ ከሞቀ በኋላ፣ በትንሽ ማጨሻ ላይ ፍም አድርጌ እጣን ጣል አደረግሁበትና ከጣሪያው አናት ሥር ያዝሁት። ጢሱ በቀጥታ አልተነሣም፤ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ እንደ ተሳበ ክር ወደዚያ አራት ጣት ክፍተት ታጥፎ ገባ፣ ከሱፉ በላይም ጠፋ። ማጨሻውን ወደ ግርጌው ሳወርደው ጢሱ ከሱፉ ጫፍ ሥር እየወጣ በኮርኒሱ ላይ ተኝቶ ወደ ቤቱ መሐል ሄደ፤ እጄን በዚያ ሳደርግም ቀዝቃዛው አየር ይሰማኝ ነበር። የሆነው ግልጽ ነው። ከቆርቆሮው ሥር የቀዘቀዘው አየር በተዳፋቱ ወርዶ በግርጌ በኩል ወደ ሱፉ ሥር ይገባል፤ እዚያ ኮርኒሱን እያቀዘቀዘ ራሱ ይሞቃል፤ ሞቆም በተዳፋቱ ወጥቶ በአናቱ ክፍተት ተመልሶ ቆርቆሮው ሥር ይደርሳል። በሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ እንዲህ ያለ አየር በሰከንድ በርካታ ሳንቲ ሜትር መሄድ ይችላል። በሱፉ ውስጥ በሰዓት አምስት ሳንቲ ሜትር፣ በሱፉ ዙሪያ በሰከንድ ያንን ያህል፦ በጥንቃቄ የተመረተው ዕቃ እንዲህ ባለ አነጣጠፍ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ የሚታለፍ መጋረጃ ይሆናል። ቀን ላይ መንገዱ ያው ነው፣ የሚገለበጠው አቅጣጫው ብቻ ነው፤ ከጋለው ቆርቆሮ ሥር የተነሣው ሙቅ አየር በአናት በኩል ተሻግሮ በኮርኒሱ ላይ ይወርዳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሱፉ አልሙኒየሙን ወደ ቤቱ አድርጎ እንዲነጠፍ፣ ከሥሩም እንዳይረግብ ወንፊት ሽቦ በሞራሌዎቹ መካከል ተወጥሮ እንዲደግፈው አስደረግሁ። የጥቅሎቹ መጋጠሚያ ሁሉ በአልሙኒየም ፕላስተር ተለጠፈ። በአናቱ ላይ አንዱ ተዳፋት ሱፍ በሌላው ላይ እንዲደረብ፣ በግርጌውም እስከ ግድግዳው ራስ ወርዶ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ በቀጭን እንጨት ተጨቁኖ እንዲመታ ተደረገ። ለመብራት ሽቦና ለውኃ ቱቦ የተቀደደው ቦታም አልተረሳም። አየር የማያሳልፈው የአልሙኒየም ወረቀት በአንድ ወጥ ገጽ ከተዘጋ፣ ከበላዩ የቱንም ያህል ክፍተት ቢኖር መንገዱ አንድ እግሩን ስላጣ ሙሉ ክብ ሊሠራ አይችልም። ሱፉ በጣም እንዳይጨፈለቅም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሞራሌና ቆርቆሮ መካከል ገብቶ በሚስማር የተጨቆነ ሱፍ ከ50 ሚሊ ሜትሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚቀረው በዚያ መስመር እንዳልተነጠፈ ይቆጠራል።

ይህ ከተደረገ በኋላ ተዳፋቱ ራሱ ረዳት ሊሆን ይችላል። የሱፉ የታችኛው ገጽ በሚገባ የተዘጋ ከሆነ፣ በሱፉና በቆርቆሮው መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ከግርጌ በአሸንዳው በኩል፣ ከአናትም በቆቡ ቆርቆሮ ሥር ወደ ውጭ ክፍት መተው ይመከራል። ቀን ላይ ከቆርቆሮው ሥር የሚግለው አየር በተዳፋቱ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ከግርጌውም ቀዝቀዝ ያለ አየር ይተካዋል፤ ኮርኒሱን ያግል የነበረው ያው ፍሰት አሁን ግለቱን ጠርጎ የሚያስወጣ ይሆናል። ሾልኮ የገባ ጥቂት እርጥበት ቢኖርም በዚሁ መንገድ ይደርቃል። ክፍተቱ ግን በወንፊት ሽቦ መሸፈን አለበት፤ አይጥና ወፍ ለጎጆ ከሱፍ የተሻለ ነገር አያገኙም።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ዕቃው በስሌት የሚሰጠው የሙቀት መከላከል አቅም 1.25 ስኩዌር ሜትር ኬልቪን በዋት ነው፤ ሱፍ ከሌለው የቆርቆሮና የኮርኒስ ጣሪያ አንጻር ሲታይ የሚያልፈውን ሙቀት ወደ ሲሶው ወይም ወደ ሩቡ ሊያወርደው ይችላል። እንደገና ከተስተካከለ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል። እኩለ ቀን ላይ መዳፍ ኮርኒሱ ላይ ሲደረግ የነበረው ለብታ አሁን የለም። ሌሊት ላይ ሳሎኑ በምድጃና በሰው የሞቀውን ሙቀት እስከ እንቅልፍ ሰዓት ድረስ ያቆያል፤ ማለዳ ላይ ግን አሁንም ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም በመስኮቶቹና ባልተሸፈነው ግድግዳ የሚወጣው ሙቀት እንዳለ ነው፣ ጣሪያ ብቻውን ያንን ሊክስ አይችልም። የቆርቆሮው ላብ ቆሟል፤ ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ብቻ፣ መብራት ለማስገባት ወረቀቱ በተቀደደበት ቦታ፣ ቀዳዳው በፕላስተር እስኪለጠፍ ድረስ በሚስማሮቹ ጫፍ ላይ እንደ ጠል ያለ ጠብታ ይታይ ነበር። አንዲት የመዳፍ ያህል ቀዳዳ ይህንን ያህል እርጥበት ማሳለፏ የወረቀቱን ጥቅም ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

ከዕቃው ጉድለቶች መካከል ዋናው ለስላሳነቱ ነው። 16 ኪሎ ግራም እፍግታ ያለው ሱፍ በተዳፋት ላይ ድጋፍ ካላገኘ ከጊዜ ብዛት ወደ ግርጌው ይንሸራተታል፤ አናቱ ላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ደግሞ ከላይ የተገለጸውን መንገድ እንደገና ይከፍተዋል። ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚያዘም ጣሪያ 24 ኪሎ ግራም እፍግታ ያለውን ዓይነት ብመርጥ እመርጣለሁ። ሁለተኛው ጉድለት ወረቀቱ ነው፤ በቀላሉ ይቀደዳል፤ በውስጡ የተሰፋ የክር መረብ የሌለውን ጥቅል መግዛት አይገባም። ሲነጠፍ ክሮቹ ቆዳ ያሳክካሉ፣ ጉሮሮም ይከረክራሉ፤ ሠራተኞች ጓንት፣ ማስክና እጀ ረጅም ልብስ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ይህንንም ማሟላት የአሠሪው ግዴታ እንጂ ልግስና አይደለም። ስለ ካንሰር ለሚሰጉ፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ግምገማ ለሙቀት መከላከያ የሚውለውን የመስታወት ሱፍ በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ ሊመድበው እንደማይችል ገልጿል።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ሲነጻጸር ሮክ ውል የሚባለው፣ ከድንጋይ የሚሠራ ሱፍ ንጣፍ የተሻለ ነው፤ 40 ኪሎ ግራም እፍግታ ያለው ዓይነት አየር የማሳለፍ አቅሙ ያነሰ፣ በተዳፋት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆምና እሳትን ይበልጥ የሚቋቋም ነው። ክብደቱ ግን በ50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለአንድ ስኩዌር ሜትር 2 ኪሎ ግራም ሲሆን የመስታወቱ ሱፍ 0.8 ኪሎ ግራም ነው፤ ቀጭን ሞራሌ ላለው አሮጌ ቤት ይህ ልዩነት መታሰብ አለበት። ሳንድዊች ፓኔል የሚባለው በአረፋ የተሞላ ጣሪያ የአየር መንገድ ጭራሽ ስለሌለው በተዳፋት የሚመጣው ችግር በመጋጠሚያዎቹ ብቻ ይወሰናል፤ ነገር ግን ጣሪያውን ሁሉ መቀየር ይጠይቃል፣ አረፋውም የሚነድ ነው። አረፋ ፊኛ ያለበት ስስ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ብቻውን ሲሸጥ አይቻለሁ፤ እርሱ ጨረር ይመልሳል እንጂ የአየሩን ዝውውር አያቆምም፤ ብርሃናማው ፊቱም ከፊቱ የአየር ክፍተት ካላገኘና አቧራ ከሸፈነው ያንንም ጥቅሙን ያጣል።

ተበትኖ የሚነፋው ልቅ የመስታወት ሱፍ ለእኛ ጣሪያ ፈጽሞ አይመከርም። ይህ በአሜሪካ ጠፍጣፋ ወለል ባላቸው የጣሪያ ሥር ክፍሎች ላይ በሰፊው የሚሠራበት ሲሆን፣ በቴነሲ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባደረጋቸው ሙከራዎች በከባድ ቅዝቃዜ ጊዜ በልቅ ሱፉ ውስጥ በሚነሣው ተፈጥሯዊ ኮንቬክሽን ምክንያት የመከላከል አቅሙ እስከ ግማሽ የሚጠጋ እንደሚቀንስ ታይቷል። የአዲስ አበባ ብርድ ያንን ያህል አይከብድም፤ ነገር ግን ልቅ ሱፍ በተዳፋት ላይ ስለማይቆም ጉዳዩ ከዚያ ሳይደርስ ያበቃል።

ለማነጻጸር ያህል የሣር ክዳንን ማንሣት ተገቢ ነው። የገጠር ጎጆ ክዳንም ያዘመመ ቀዳዳማ ቁስ ነው፤ ውፍረቱ ከአሥር ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ተዳፋቱም ከቆርቆሮ ጣሪያ እጅግ የሾለ ነው። ሣሩ ከግርጌ ጀምሮ እየተደራረበ በጥብቅ ስለሚታሰር ከሥሩም ሆነ ከውስጡ ነጻ የአየር መንገድ አይተውም፤ አናቱም በሚገባ ታስሮ ይዘጋል። ክዳን የሚያውቅ ሰው ጫፉን ሳይዘጋ ሥራውን ጨረስኩ አይልም፤ የከተማው አንጣፊም ከዚህ ሰው ሊማር ይገባዋል።

አንድ ጥቅም ሳልጠቅሰው ማለፍ አይገባኝም፤ እርሱም የዝናብ ድምፅ ነው። ክረምት ላይ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ በቤት ውስጥ መነጋገር የሚያዳግትባቸውን ከሰዓት በኋላዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሱፉ ቆርቆሮውን በነካበት ቦታ ሁሉ ንዝረቱን ያፍነዋል፣ በክሮቹ መካከልም ድምፁን ይመጥጣል፤ ለብዙ ቤተሰብ ለመግዛት የሚያበቃው ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዋጋን በቁጥር አላስቀመጥሁም፤ ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑና ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ምንዛሪ መገበያየት ስለጀመረ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር አንባቢ መደብር እስኪደርስ ሊቀየር ይችላል። ገዢ መደብር ሲገባ እፍግታው በጥቅሉ ላይ የተጻፈ መሆኑን ይመልከት፤ ካልተጻፈ ጥቅሉን አስመዝኖ ክብደቱን በስፋቱ፣ በርዝመቱና በውፍረቱ ብዜት ያካፍል፤ 1.2 በ20 ሜትር የሆነ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ጥቅል 16 ኪሎ ግራም እፍግታ ካለው ከነወረቀቱ ከ19 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይገባል። ከአንጣፊው ጋር ሲዋዋልም ክፍያው በስኩዌር ሜትር ብቻ እንዳይሆን እመክራለሁ። በስኩዌር ሜትር የሚከፈለው ሰው የሚቸኩለው ሰፊውን ቦታ ለመሸፈን ነው፤ በተዳፋት ላይ ደግሞ ሥራው ያለው በአናቱ፣ በግርጌውና በመጋጠሚያው ላይ ነው። ስለዚህ የክፍያው የመጨረሻ ክፍል እነዚያ ቦታዎች በእጣን ጢስ ተፈትነው ጢሱ የትም ሳይሳብ ቀጥ ብሎ ሲነሣ ብቻ የሚከፈል እንዲሆን በውሉ ላይ ይጻፍ።